ዘንጉ ላይ የቀረው ፎጣ

የማሽላ መውቂያው ሰማኸኝን የበላው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ሱዳን ውስጥ፣ ከመፋዛ በስተምሥራቅ፣ ከራሃድ ወንዝ የአንድ ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ ባለ ማሳ።

ፊሊጶስ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ የጆንያ አፍ ይሰፋ ነበር። አሥራ ሁለት መሆኑን በኋላ ረግጦ ቆጥሮታል። ጎንደር ከተማ ስምንት ዓመት የወፍጮ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና፣ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ መለካት፣ ማዘኑን ለኋላ ማቆየት ልማዱ ሆኗል።

ትራክተሩ ከኋላው የተቀጠለውን መውቂያ የሚያዞረው በአንድ ዘንግ ነው። ዘንጉ ርዝመቱ ሁለት ክንድ፣ ውፍረቱ የሰው ክንድ ያህል ነው። ሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ አምስት መቶ አርባ ጊዜ ይዞራል። ይህም በሰከንድ ዘጠኝ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ቢጫ የፕላስቲክ ሽፋን ነበረው። ሽፋኑን ከሦስት ሳምንት በፊት ያስወለቀው ጀማሉ ነው። ጀማሉ መተማ ተወልዶ ገዳሪፍ ሱቅ የከፈተ፣ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ትራክተርና መውቂያ ተከራይቶ ሠራተኛ የሚያሰማራ ነጋዴ ነው። ሽፋኑ ውስጥ ገለባ እየገባ ዘንጉን ያሞቀው ስለነበር በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ቆሞ መጥረግ ያስፈልግ ነበር። ትራክተሩ ደግሞ ለሌላ ማሳ ቀን ተቆርጦለታል፤ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ናፍጣም እንደ መድኃኒት በስንት ደጅ ጥናት ነው የሚገኘው።

ፊሊጶስ ያኔውኑ ተናግሮ ነበር።

«ጋሽ ጀማሉ፣ ይኼ ዘንግ ራቁቱን ከዞረ ሰው ይበላል።»

«ካልነኩት አይነካም!» አለ ጀማሉ እየሳቀ። «እሳትም እንደዚሁ ነው። የእሳት ክዳን አይተህ ታውቃለህ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ጀማሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰማኸኝ በወባ ሲንዘፈዘፍ በራሱ ቦክስ መኪና ሀዋታ ድረስ ወስዶ ያሳከመው እሱ ነው። ለዚህም ነው ሰው ሁሉ አብሮት የሚስቀው።

ሽፋኑን ማስመለስ ሲያቅተው ፊሊጶስ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። አሥራ አንድ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከአርማጭሆና ከቋራ የመጡ፣ የበረሃ ሥራ ያሳደጋቸው ሳሉጎች፣ የአጨዳ ቀን ሠራተኞች። ያገራቸው ወንድ ፎጣውን ወገቡ ላይ ሸብ ሳያደርግ ማሳ አይገባም። ቋጠሮውን በውሃ አርሶ፣ ጉልበቱን ተደግፎ ያጠብቀዋል፤ የረጠበ ጥጥ ሲደርቅ ቢላ ካልሆነ በቀር አይፈታውም። ሳይታጠቅ የወጣ ወይ ታሟል፣ ወይ ለግሟል።

«ፎጣውን አውልቁት፤ ካልሆነም አትቋጥሩት፣ ሸጎጥ ብቻ አድርጉት፤ ቢይዘው እንዲለቅ» አላቸው።

«አየ ፊሊጶስ!» አለ ሰማኸኝ፣ ጫፉን እያራሰ። «እኔ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ በአንድ እጄ ልወቃልህ?»

«አንተማ ወፍጮ ቤት ነው ያደግኸው» አለ ታላቅ ወንድሙ ሰለሙን። «ዱቄት መታጠቂያ አይፈልግም።»

እንዲህ እየተሳቀ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ያን ማክሰኞ የመውቂያው ጉሮሮ በአገዳ ታነቀ። የታነቀው ከወዲያ በኩል ነበር። ትራክተሩን ዞሮ መሄድ ሃያ እርምጃ ነው፤ ዘንጉን መራመድ ሦስት። ሁሉም ሲራመደው ሰንብቷል። ሰማኸኝም አንድ እግሩን አነሣ። የፎጣው ዘርፍ ዘንጉን ነካ። ፊሊጶስ ያየው ይህን ብቻ ነው፤ ዘርፉ ሲነካ። ከዚያ በኋላ ቆሞ የነበረው ሰው በቆመበት አልነበረም። ጩኸት አልተሰማም። የተሰማው እርጥብ እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሊቆጠር የማይችል። ሁለቱ እግሮች የትራክተሩን ጭቃ መከላከያ ይደበድቡ ጀመር። ሾፌሩ ሉጥፊ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ ደበደቡት፤ ሲጠፋም አንዱ እግር ሌላው ወዳለበት አልነበረም የሚያመለክተው።

ፎጣውን ወገቡ ላይ በቢላ ቆርጦ ሰማኸኝን ያላቀቀው ፊሊጶስ ነው። ጀርባው እንደ ጆንያ ታጥፎ መጣ። የቀረው ፎጣ ዘንጉ ላይ አሥራ አንድ ዙር ተጠምጥሞ ጠጥሯል። በመጨረሻዎቹ ዙሮች መካከል የሰማኸኝ ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች አሉ።

አስከሬኑን በሸራ ሸፍነው ዙሪያውን ቆሙ። ሰለሙን ሸራውን ገልጦ የወንድሙን እጅ አነሣ፤ ጣቶቹን ቆጠረ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ቢላውን ከመሬት አነሣና ወደ ዘንጉ ሄደ።

ፊሊጶስ ፊቱ ቆመ።

«አያ ሰለሙን፣ እሱን አትንካው።»

«ወንድሜን ጎዶሎ አልቀብርም። ዞር በል!»

«ዞር አልልም። ይኼ ፎጣ እንዳለ መታየት አለበት። ፖሊስ ይምጣ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ሹሙም ይምጣ። ዘንጉ ራቁቱን እንደነበረ የሚመሰክር ሌላ ነገር የለንም።»

«የኔ ወንድም ጣት ነው ምስክርህ?»

ጀማሉ ከመኪናው ጥላ ሥር ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ያወራ ነበር። ጨርሶ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። የሰለሙንን ትከሻ ያዘ።

«ቁረጠው፣ ልጄ። ወንድምህን ሙሉ አድርገህ ቅበር። ከፈኑንም፣ እስከ ዶካ ከተማ የሚወስዳችሁን መኪናም እኔ እችላለሁ። ፊሊጶስ፣ ሰው ሲያዝን ማሽን አይመረመርም። ነውር ነው።»

ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። «እውነቱን ነው» አለ ገብረሊባኖስ የሚባለው ጎልማሳ፣ ጭነት ተሸካሚው። «ነውር ነው።»

ፊሊጶስ ሁለት ዓመት በሱዳን ሲሠራ የሥራውንና የፖሊሱን ዐረብኛ ለምዷል። ጀማሉ በስልክ ያለውን ሰምቶታል።

«ጋሽ ጀማሉ፣ ለፖሊስ ጣቢያው ምን ብለው ነገሩ? ከትራክተሩ ላይ ወድቆ ነው አላሉም?»

«ዋሸህ!» አለ ጀማሉ።

«ፎጣው ከተቆረጠ፣ አያ ሰለሙን፣ ወንድምህ ወድቆ የሞተ ነው። ነገ ጠዋት ዘንጉ ይታጠባል፤ አንተም እንደገና ትራመደዋለህ።»

ሰለሙን የመጨረሻውን አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ነው። ቢላውን ጣለና የጆንያ መሸከሚያውን ዱላ አነሣ። የመጀመሪያው ምት ትከሻ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ፊሊጶስ በቀኝ ክንዱ መከተ፤ ከክርኑ በታች ያለው አጥንት ሲሄድ ሰማው። ይኼኛው የደረቀ እንጨት ድምፅ ነበረው። ተንበረከከ፤ ከዘንጉ ግን አልራቀም፤ ጀርባውን ሰጥቶ በሰውነቱ ሸፈነው። ሰለሙን ጀርባውን ደበደበው። አራት ጊዜ። በአራተኛው ዱላው ተሰበረ።

«ሉጥፊን ጠይቀው» አለ ፊሊጶስ፣ አፉ አፈር ላይ ሆኖ። «እኔን ከመግደልህ በፊት ሉጥፊን ጠይቅ። ጋሽ ጀማሉ ሲደውል አጠገቡ ቆሞ ነበር።»

ሉጥፊ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው፤ አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ ነው። ሁሉም ዞረው ሲያዩት ትራክተሩን ተደግፎ መሬት መሬቱን አየ።

«እኔን ተዉኝ፣ ያ ጀማዓ።»

«በስልክ ምን አለ?» አለ ሰለሙን።

«ወላሂ እኔ ሾፌር ነኝ…»

«ምን አለ?»

«ወገዐ» አለ ሉጥፊ በቀስታ። «ወደቀ አለ። ከላይ፣ ከትራክተሩ። ጠጥቶ ነበር፣ ሰክራን ነበር አለ።»

ሰማኸኝ ጠላ እንኳ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነበር። ያን ሁሉም ያውቃል፤ ሲቀልዱበት የኖሩት በዚህ ነው።

ጀማሉ ወደ መኪናው ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የሮጠው። ገብረሊባኖስ በአንገቱ ያዘው፤ ሌሎቹ ወረዱበት። በቡጢና በጫማ መቱት፣ በጆንያ መርፌ ወጉት። አፍንጫው ተሰብሮ ነጭ ጀለቢያው እስከ እምብርቱ ቀላ። «ልጆቼ! ልጆቼ!» ይላል፤ በዚያች ቃል ላይ አንዱ ጥርሱን በክርኑ አወለቀለት። ሰለሙን አልመታም። የጣለውን ቢላ አንሥቶ የገዛ ፎጣውን ከወገቡ ቆርጦ አወጣ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ቀጠለው፣ ከበርሜሉ ውሃ ነከረው። ከዚያ ጀማሉን አስነሥተው ወገቡ ላይ ጠመጠሙለት፤ ሰለሙን ጉልበቱን ሆዱ ላይ ተክሎ ቋጠሮውን አጠበቀ። ዘርፉን አንድ ክንድ ያህል ለቀቀው።

«ካልነኩት አይነካም አይደል ያልኸው?» አለ። «ተራመደው እስቲ። ሉጥፊ፣ አስነሣ!»

ሉጥፊ እምቢ አለ። ገብረሊባኖስ ቢላውን ጎኑ ላይ ሲያሳርፍበት ወጥቶ ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ሲነሣ ከወንበሩ ዘልሎ ወርዶ፣ ወደታጨደው ማሳ እየወደቀ እየተነሣ ሮጠ። ሞተሩ ይሠራል፤ ዘንጉ ግን ገና ቆሟል። ዘንጉን የሚያስጀምረው ከወንበሩ ጎን ያለ አንድ ማርሽ ነው፤ ወደፊት ከገፉት ይገባል። ገብረሊባኖስ ሊወጣ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ።

ፊሊጶስ በሌላው በኩል ቀድሞ ወጣ። እንዴት እንደወጣ በኋላም አላስታወሰም፤ የቀኝ ክንዱ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል። በግራው ማርሹን ያዘ።

«ውረድ!» አለ ሰለሙን። «አንተን ሌላ አጥንት አልሰብርህም፤ ውረድ!»

«አልወርድም። አያ ሰለሙን፣ ዘንጉ ከዞረ ፎጣውም ጣቶቹም ይሄዳሉ። የሰማኸኝ ነገር አብሮ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ወድቆ የሞተና አንድ የተገደለ ነው የሚኖረን፤ ገዳዮቹም እናንተ። ወረቀት የሌላችሁ አሥር ሐበሾች።»

 ጀማሉን ከዘንጉ ላይ ደፍተው ይዘውታል፤ ዘርፉ ከሰማኸኝ ፎጣ ጎን ተንጠልጥሏል። ፊሊጶስ አየው። የጀማሉን ጀርባ፣ ዘርፉን፣ በዘርፉና በዘንጉ መካከል ያለውን ክፍተት፤ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ማርሹን ግን አልለቀቀም። ሊከላከል ነበር የያዘው፤ አሁን ሌላ ነገር መጣለት።

«ጋሽ ጀማሉ» አለ፣ እንደ ወትሮው በአክብሮት። «ስልክዎን ያውጡ።»

«እ?»

«ወደ ጣቢያው ይደውሉ። የሆነውን ይንገሩ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ሁላችንም እንድንሰማ። እኔ ዐረብኛ እሰማለሁ። አንዲት ቃል ቢያሳስቱ እኔም እሳሳታለሁ።»

ጀማሉ ቀና ብሎ አየው። ሽፋኑ ይመለስ ብሎ ሁለት ጊዜ የለመነው ሰው ነው፤ ወፍጮ ቤት ያደገው፣ የሚሳቅበት። አሁን ፊቱ ላይ ምንም የለበትም። ጀማሉ ስልኩን አወጣ። ደሙ መስታወቱ ላይ እየተንጠባጠበ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ጠራ።

«ያ ጀናቦ፣ ጌታዬ… እኔ ነኝ፣ ጀማሉ። ቅድም የነገርኩህ ልክ አይደለም።»

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ከወዲያ ያለው መኮንን ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ።

«አልወደቀም። ዘንጉ ነው የያዘው። ሽፋን የለውም። ሽፋኑን… ሽፋኑን እኔ ነኝ ያስወለቅሁት። ነግረውኝ ነበር። አልጠጣም። ልጁ አይጠጣም።»

መኮንኑ ወረቀት የሚገልጥ ይመስል ነበር። «የትኛውን ልጻፍ?» አለ።

«የአሁኑን።»

«ነገ ጠዋት እንመጣለን። ምንም እንዳትነኩ።»

ስልኩ ተዘጋ።  ከዚያ ሰለሙን ቢላውን አነሣ፤ ሁሉም ያያል። ዘንጉ ጋ ሄዶ ቆመ፤ የወንድሙን ጣቶች አየ። ጎንበስ ብሎ የጀማሉን ቋጠሮ ሊፈታ ሞከረ፤ አልፈታ አለው፤ በቢላው ቆረጠው። ጀማሉ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጣቶቹ እስከ ነገ ይቆያሉ» አለ ሰለሙን። «ውሻ እንዳይመጣ እኔ እጠብቃለሁ።»

አጠገባቸው ቁጭ አለ። ገብረሊባኖስ ለሰማኸኝ ጥላ ሊሠራ የማሽላ አገዳ መሰብሰብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወደ ትራክተሩ ላይ የሚያይ አልነበረም።

ፊሊጶስ ሞተሩን ለማጥፋት እጁን ከማርሹ ሊያነሣ ፈለገ። ጣቶቹ እምቢ አሉት፤ አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ከዚያ እንደ ልማዱ ተመለከተ። ሲይዘው ማርሹ ወደኋላ፣ ማረፊያ ጎድጓዳው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ይህን እርግጠኛ ነው፤ አይቶ ነው የያዘው። አሁን ከጎድጓዳው ወደፊት ወጥቷል። ዘንጉን ለማስጀመር የቀረው የክብሪት ቀፎ ውፍረት ያህል ነው።

የሞተሩ መንቀጥቀጥ ይሆናል፤ አሮጌ ትራክተር ነው። መንቀጥቀጥ ማርሽ ሊገፋ ይችላል። ግን እጁ ከላዩ ነበር፤ እጅ ደግሞ የሚንቀጠቀጥን ነገር ይይዛል እንጂ አይከተልም። ሊለካው ሞከረ። የሚለካበት ነገር አጣ።

ቁልፉን አዞረ። ጸጥ አለ።

ቀና ሲል ከታች ጀማሉ ያየዋል። ደም ቋጥሮ ያበጠው ዓይኑ የሚያየው የፊሊጶስን ፊት አልነበረም፤ እጁን ነበር። በስልክ ሲናገርም ሙሉ ጊዜውን እዚያው ነበር ዓይኑ።