ባለ መጋዙ

ከካራ በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል፣ ማንም ቅርንጫፍ የማይሰብርበት የጥድ ጫካ ነበር። እንጨት በመጋዝ ሲገዘገዝ ይሰማል፤ ቢያዩ ሰው የለም። ባለ መጋዙ የሚሉት የጫካው ቆሌ ነው፤ ጥዱን የነካ ሰው አጥንቱን ይገዘግዘዋል። በጋውን ተራራው ጫፍ ከርሞ፣ ክረምት ሲገባ ጉም ለብሶ ወደ መንደሩ ይወርዳል ይባላል።

ኮተቤ ባዮሎጂ የምታስተምረው ፈትለወርቅ ይህን ስትሰማ ተረት ብላ አልናቀችውም። «ቆሌ ወቅት ጠብቆ ምን ያመላልሰዋል? ይህ ምግብ ፍለጋ የሚወርድ እንስሳ ነው» አለች። ክረምት ከበጋ ተመላለሰች። መንገድ የሚያሳዩዋት ጫካው ጥግ ገብስ የሚዘሩት ጋሽ ዱጋሳ ነበሩ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቁና፣ «እኔ እዚሁ ልቁም፤ አንቺ የተማርሽው ግቢ» ይሏታል።

ጭቃ ላይ የታተመ መዳፍ አገኘች። ዛፍ ላይ የተሰቀለ የድኩላ ገላ አገኘች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገለጥ ሲል፣ ጥዱ ላይ የተጋደመች አሮጊት ነብር አፏን ከፍታ ያንን የመጋዝ ድምፅ አሰማች። ባለ መጋዙ ሴት ነበረች። ክረምት ድኩላዎቹ ለገብሱ ሲወርዱ ተከትላቸው ትወርዳለች፤ በጋ ሲመለሱ ትመለሳለች። ይኸው ነው። ፈትለወርቅ ፍርሃትና ደስታ ተደባልቆባት አለቀሰች።

ዘመኑ የውይይት ክበብ ዘመን ነበር። የቀበሌው ካድሬ ለይኩን ወሬው ደረሰው።

«ጓድ ፈትለወርቅ፣ ሰፊውን ሕዝብ ከአጉል እምነት የሚያላቅቅ ጥናት አለሽ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ንገሪልን።»

ደስ ብሏት ተናገረች። ነብር መሆኗን፣ በየትኛው ወር በየትኛው ወንዝ እንደምትወርድ፣ ደግሞም ብቻዋን የቀረች ናትና እንዲጠብቋት። ይህን የመጨረሻውን ማንም ልብ አላለውም። ብቻ ተጨበጨበላት።

ሐምሌ ላይ አብዮት ጠባቂዎች ወንዙ ዳር አድፍጠው ነብሯን ገደሏት። ቆዳዋ አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ከመፈክሩ ሥር ተቸነከረ። ለይኩን የፈትለወርቅን እጅ ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለሽ!» አላት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ ካራ ወጣች። ጫካው ገና ከሩቁ ሳስቶ ታያት። ጋሽ ዱጋሳ፣ እኚያ ከጫፉ የማያልፉት ሰው፣ መሀሉ ቆመው ጥድ ይፈልጣሉ።

«ጋሽ ዱጋሳ! እርስዎም?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ከታች ከከተማው፣ ከሲግናል ሳይቀር እየመጡ ጨረሱት። ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«ይፈሩ አልነበር?»

«እፈራ ነበር እንጂ። የለም ያልሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«በይ እስኪ ይህችን አህያ ያዥልኝ፤ ብቻዬን ስሆን አልጫን ብላኛለች።»

ፈትለወርቅ አህያዋን ያዘች። እንጨቱን ጭነው ጠፍሩን አጥብቀው እስኪጨርሱ አልለቀቀችም። «ተባረኪ» ብለዋት አህያዋን እየነዱ ቁልቁል ወረዱ።