ንብ የማን ነው?

ሰማኸኝ ክርክር የሚወድ ሰው ነው። መውደድ ብቻ መቼ ሆነና፤ ካልተከራከረ የበላው አይረጋለትም። አንድ ቅዳሜ ሰቆጣ ገበያ በግ ሊሸጥ ወርዶ፣ «በግ መታረዱን አስቀድሞ ያውቃል ወይስ አያውቅም?» እያለ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሟገት ውሎ፣ በጉን እየጎተተ ወደ ቤቱ ተመልሷል። በጉ ሳይደሰት አልቀረም። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተን ያገባሁህ ዝምተኛ መስለኸኝ ነው፤ ተታለልሁ» እንዳለችው አለፈች።

በአንድ ነገር ብቻ ክርክር አይወድም። የመጀመሪያ ልጁ ተስፋው ሳይሰናበተው በጅቡቲ በኩል ሳውዲ ከገባ ወዲህ ቤቱ የቀረችው ትግስት ብቻ ናት። ትግስት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ክረምት ሲገባ፣ «አባየ፣ ደሴ አክስቴ ጋ ሄጄ ልማር» ብትለው፣ «ከዚህ ቤት ሌላ ሰው አይወጣም!» አለና ጆሮውን ደፈነ። ለበግ ሙሉ ቀን የሰጠ ሰው ለልጁ አፍታ ነፈጋት።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ጓሮው ካለው ግራር ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ግራሩ ላይ በወይራ ጢስ አጥኖ የሰቀለው ባዶ ቀፎ አለ። ንብ ይገባበታል ብሎ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ከእንሽላሊት በቀር የገባበት የለም። ያን ዕለት ግን ሰማዩ ጠቆር አለና፣ እምምም የሚል ድምፅ መጣና፣ አንድ የንብ መንጋ እንዳለ ቀፎው ውስጥ ግብት! ሰማኸኝ አፉን በእጁ ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ የሻሽወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ አፈር ወደ ሰማይ እየበተነች፣ «እረፍ! እረፍ!» እያለች ስትሮጥ መጣች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቷን በማር የምታስተዳድር፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት።

ደንቡን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ንብ ኮብልሎ ሲወጣ ባለቤቱ አፈር እየበተነ ይከተለዋል፤ አፈሩ መንጋውን ያሳርፈዋል ይባላል። ዓይኑን ሳይነቅል እስከተከተለ ድረስ የትም ቢያርፍ፣ ጠላቱ ደጅም ቢሆን፣ ንቡ የሱ ነው። ዓይኑን ከነቀለ ግን አበቃለት፤ ንቡ ያረፈበት ሰው ይሆናል። የሻሽወርቅ ደግሞ የሰማኸኝን የድንጋይ አጥር ስትዘል ተደናቅፋ በጉልበቷ ወድቃለች። ቀና ስትል ሰማዩ ባዶ ነው።

«እንደምን አደርሽ የሻሽወርቅ?» አላት ሰማኸኝ፣ እንደ ጨዋ ሰው።

«ምን አደርሁ ትለኛለህ! ንቤ ሄደብኝ!» አለችና ወደ ወንዙ ቁልቁል ሮጠች።

ንቡ ከአናቱ በላይ እያጉረመረመ ሰማኸኝ ጸጥ። ትግስት ባልዲ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«አባየ፣ ለምን አልነገሯትም?»

«የት ገባ ብላ ጠየቀችኝ?»

«አልጠየቀችም።»

«ታዲያ ያልተጠየቀ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?»

ትግስት ፈገግ ብላ ውኃዋን ልትቀዳ ሄደች። ያን ፈገግታ መፍራት ነበረበት። እሱ ግን ቀፎውን ቀና ብሎ እያየ ነበር።

ነገር ተደብቆ አይቀርምና የሻሽወርቅ በማግስቱ ሰማች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር ቄስ ገብረ አማኑኤል ፊት ገተረችው። ቄሱ ሌሊቱን ቆመው ያደሩ፣ ሆዳቸው የሚጮህባቸው ሰው ናቸው፤ «በሉ ቶሎ ተናገሩ» አሉ።

«ንቡ የኔ ነው!» አለች የሻሽወርቅ። «ቀፎውን የሠራሁ እኔ፣ በክረምት ሽሮ እየበጠበጥሁ የቀለብሁት እኔ!»

«ቀለብሽው፤ እሺ። ታዲያ ለምን ጥሎሽ ሄደ?» አለ ሰማኸኝ። የሚወደው ሰዓት ደርሷል። «ነፍስ ላለው ነገር እግርና ክንፍ የተሰጠው ለምንድን ነው? እንዲሄድበት አይደለም? ማሳደግ ሌላ፣ መግዛት ሌላ። አሳድጌሃለሁና የኔ ነህ ማለት ግፍ ነው! አባቴ፣ እግዚአብሔር እንኳ አዳም ከገነት ሲወጣ በገመድ አስሮ ያዘው እንዴ?»

«አስወጣው እንጂ መች ወጣ» አሉ ቄሱ።

«ቢሆንም አላሰረውም!»

ሰዉ ሳቀ። የሻሽወርቅ ግን አልሳቀችም። «ሳልፍ አይተኸኝ የለም? ንቤ ራስህ ላይ እየጮኸ አፍህን አልዘጋህም?»

«ዝምታ ውሸት ነው ታዲያ? አባቴ፣ ከዐሥሩ ትእዛዛት ውስጥ ዝም አትበል የሚል አለ?»

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። «የለም። ቢኖርማ መጀመሪያ የምኮነን እኔ ነበርሁ። የዚህን አገር ጉድ ሁሉ ሰምቼ ዝም ብዬ የምኖር!»

«ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውስ?» አለች የሻሽወርቅ።

«እንደምን አደርሽ አላልሁሽም? ምን ላድርግሽ?»

ቄሱም ፈረዱ። ዓይኗን ነቅላለችና በደንቡ ንቡ የሰማኸኝ ነው። «ደንቡ ይኸው ነው። ደስ ግን አላለኝም» አሉና ወደ ምሳቸው ገሰገሱ። የሻሽወርቅ በአማርኛ የጀመረችው ስድብ አልበቃ ቢላት በኸምጣንጋ ጨረሰችው።

ሰማኸኝ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ መሬት አልነካም። ትግስት ከኋላው ትከተለዋለች።

«አባየ፣ የተናገሩት ከልብዎ ነው?»

«ከልቤ ነዋ!»

«ያሳደገ አይገዛም ያሉት?»

«ይገዛል እንዴ?»

«ዝም ማለትም ውሸት አይደለም?»

«አይደለም አልሁ!»

«እንግዲያው ነገ ደሴ እሄዳለሁ። ኮሌጁ ተቀብሎኛል፤ አክስቴ አገኘሁሽም እየጠበቀችኝ ነው። አልዋሸሁዎትም፤ ስላልጠየቁኝ ነው።»

ሰማኸኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። በመጨረሻ፣ «ሰው... ሰው እኮ ንብ አይደለም!» አለ።

«ነፍስ ያለው ነገር ነበር ያሉት» አለችና ቀድማው ሄደች። እዚህ ድረስ ያሳደጋት ማን ሆነና! ምላሷ የሱ ነው።

አመሻሹ ላይ ንቡ ሲሰበሰብ ቀፎውን በነጠላ ሸፍኖ፣ ሁለት ቦታ ተነድፎ፣ የሻሽወርቅ ደጅ ደረሰ።

«ምን ተንኮል አስበህ ነው?» አለችው በሩን ገርበብ አድርጋ።

«ፍርዱን ሽሬዋለሁ። ያልሁት ሁሉ ስህተት ነው። ያሳደገ ባለቤት ነው፤ ዝምታም ውሸት ነው። ይኸው ንብሽ! ብቻ ነይና ይህንኑ ለትግስት ንገሪልኝ፤ ነገ ልትሄድ ነው።»

የሻሽወርቅ ነገሩ ሲገባት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ንቡን መልሰህልኝ ልጅህን ላስርልህ? ወይ ጉድ!»

«አትሳቂ!» አለ ሰማኸኝ። «ተስፋው እንደወጣ ቀረ። ይች ከሄደች ለማን ነው የማወራው? ፈራሁ የሻሽወርቅ። ፈራሁ እኮ ነው የምልሽ!»

ሳቋ ቆመ። ቀሚሷን ገለብ አድርጋ የተላጠ ጉልበቷን አሳየችው። «ስማ አያ ሰማኸኝ። እኔ ንቤ ነው ያልሁት አስሬው አይደለም፤ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ተከትዬው ነው። አንተ ልጅህን ተከትለሃታል? እስኪ ንገረኝ፣ ምን ልትማር ነው የምትሄደው?»

ሰማኸኝ አሰበ። በግ መታረዱን ያውቅ እንደሆነ ሙሉ ቀን ማስረዳት ይችላል። ልጁ ምን እንደምትማር ግን አያውቅም።

«እንዴ፣ ልጠይቃት» አለና መንገድ ጀመረ። ከዚያ ዘወር ብሎ፣ «ንቡንስ?» አላት።

«ንቡንማ አስቀምጠው! ሞኝ መሰልሁህ?»

ቤት ሲደርስ ትግስት ልብሷን እያጣጠፈች ነው። አጠገቧ መደብ ላይ ተቀመጠ። ለመናገር ሳይሆን ለመስማት መቀመጥ አልለመደበትምና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

ትግስት ቀና አለች። «አዋላጅነት። እናቴ... ያውቁት የለ፣ ምጥ ላይ ሐኪም ሳይደርስላት ነው። ተምሬ እዚሁ ዋግ ተመልሼ ልሠራ።» የያዘችውን ነጠላ መልሳ ዘረጋችው። «ክረምቱን ሙሉ እስኪጠይቁኝ ጠብቄ ነበር እኮ።»

ሰማኸኝ ልብሷን አብሯት አጣጠፈ፤ አጣጠፈ ከተባለ። በኋላ ሁሉንም ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ሰቆጣ መናኸሪያ ደረሱ። የሻሽወርቅም ማር በብልቃጥ ይዛ መጣች፤ «ከአወዛጋቢው ንብ ነው» ብላ ለትግስት ሰጠቻት። ሰማኸኝ ሲመርቅ ምርቃቱ ተምታታበት። ትግስት ጉልበቱን ስማ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ጉምም ብሎ ተንቀሳቀሰ።

ያን ጊዜ ሰማኸኝ ምን እንደነካው አያውቅም። ከኋላው መሮጥ ጀመረ። ጎንበስ አለ፣ ከመንገዱ ዳር አፈር ዘገነና ወደ አውቶቡሱ በተነ።

«እረፊ!» እያለ ጮኸ። «እረፊ ልጄ! እረፊ!»

ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ሽማግሌው! አበዱ እንዴ?» አለው። በሌላው መስኮት ደግሞ ትግስት አንገቷን አውጥታ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ እጇን ታወዛውዛለች። አፈሩ ንፋሱ መልሶት የራሱን ፀጉር ነጭ አድርጎታል። አውቶቡሱ ዳገቱን ወጣ፣ አነሰ፣ ከጥምዝምዙ ኋላ ዞረ።

የሻሽወርቅ እያነከሰች ደረሰችበት። «በቃ፣ አትታይም» አለችው። «እንሂድ አያ ሰማኸኝ።»

እሱ ግን ፊቱን አላዞረም። አፈር የገባበት ዓይኑ እንባ እየፈሰሰው ጥምዝምዙ ላይ ተተክሏል።

«አታናግሪኝ» አላት። «ዓይኔን ታስነቅይኛለሽ።»