ከመርፌ የተሠራ ዘንግ

«ለመለዋወጫ ካልሆነ ለምንም አይረባም» አለ አሮጌ ዕቃ ገዢው፣ የእጅ ሰዓቱን በሁለት ጣቶቹ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ። «ያውም ላንቺ ብዬ ነው፣ እመቤቴ። ፊቱን እዪው፤ ሻይ የተደፋበት ነው የሚመስለው። መስታወቱ ተቧጭሯል። ደግሞ ቆሟል። የቆመ ሰዓት ምን ይሠራል?»

የሟች ሚስት ሰዓቱን አላየችውም። ከጥቁር ሻሿ ሥር ያፈተለከውን ፀጉሯን መለስ አድርጋ «ከነገ ወዲያ ና» አለችው። «የሥራ ጠረጴዛውንም መሣሪያውንም ሰዓቱንም ባንዴ ትወስዳለህ። ባየሁት ቁጥር ባሌ አጠገቡ የተቀመጠ ይመስለኛል።»

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ተሞልቷል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል፤ ቡናና ሻይ በፔርሙዝ ይዞራል። የሟች ታናሽ ወንድም ከበሩ አጠገብ፣ ጃንጥላ ከሚደገፍበት ጥግ፣ አንድ እግሯ አጭር በሆነች ወንበር ላይ ተቀምጧል። እዚያ ተቀመጥ ያለው ሰው የለም፤ ራሱ ነው የመረጠው። ከተቀመጠ በኋላ ግን «ኧረ ወደ ላይ ከፍ በል» የሚለው ሰው በመጥፋቱ ሁለት ቀን ሙሉ ሲብሰለሰል ነበር።

ገበያው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ «ባትሪው» ነው የሚሉት። ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ቁም ሣጥን በምታህል ሱቅ ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰዓት ባትሪ ሲቀይር ኖሯል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ከዚያ ሁለት መንገድ አልፎ፣ እዚሁ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል፣ በእጅ የሚሞሉ አሮጌ ሰዓቶችን እየጠገነ የተከበረ ባለሙያ ነበር። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ነህ?» «ደህና» ይባባላሉ። በቃ፤ ወንድምነታቸው እዚያ ላይ ያልቃል።

አሮጌ ዕቃ ገዢው ያንጠለጠለው ሰዓት የአባታቸው ነው። በዚያ ሰዓት ሆድ ውስጥ ታናሽየው በእጁ የሠራው ዘንግ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማወቅ የፈለገው ይህንኑ ነው። ከነገ ወዲያ ሰዓቱ በዚህ ሰውዬ ኪስ ከሄደ እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቀውም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጦ የወንድሙ ረዳት ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን የአባታቸው ሰዓት አመለጠና ሲሚንቶ ላይ ወደቀ፤ ያመለጠው ከታላቅየው እጅ ነው፣ ይህን የሚያነሳ ግን የለም። የሚዛኑ ዘንግ ተሰበረ። ሚዛኑ ወዲያ ወዲህ እያለ ሰዓቱን የሚያስኬደው ቀለበት ነው፤ ዘንጉ ከሩዝ ፍሬ የቀጠነ ሆኖ ጫፎቹ ከፀጉር አይወፍሩም። ለዚያ ሰዓት መለዋወጫ ከየትም ታጣ። ታናሽየው የእናቱን የስፌት መርፌ ሰብሮ በእሳት አለሰለሰው፤ በትንሿ ቶርኖ ላይ ሦስት ቀን ፈቀፈቀው። አራት ዘንግ አበላሸ። አምስተኛው ወጣለት። ወንድሙ ምሳ ሲሄድ ሰዓቱ ውስጥ አስገባው። ሰዓቱ መታ።

ታላቅየው ሲመለስ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ደንበኞችና ዘወትር ሻይ ሊጠጣ የሚመጣው የሰፈሩ መምህር ነበሩ። ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲሰማ ቆየና «ማን ፈቀደልህ?» አለ። «ከአምስተኛ ክፍል የቀረ ሰው የአባቴን ሰዓት በመርፌ ይወጋልኛል? ሳምንት አይቆይም። አውጥቼ እጥለዋለሁ። ያንተ እጅ ለባትሪ ነው።» የባትሪ ሰዓት ያኔ ገና መግባቱ ነበር። ደንበኞቹ ሳቁ።

«የአባቴን» ነበር ያለው። «የአባታችንን» አላለም።

ታናሽየው በዚያው ወጣ። ለባትሪ ነህ ካልከኝ ይኸው ብሎ በእልህ የባትሪ ሱቅ ከፈተ። እልሁ መተዳደሪያ ሆኖ ቀረ። መምህሩን መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ደግሞ መንገድ ይቀይራል፤ ሰውዬው ያን ቀን በዓይኑ ይዞ የሚዞር ይመስለዋል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የወንድሙ ልጅ ሻይ ይዛለት መጣች።

«አጎቴ፣ ስኳር ስንት ላድርግልህ?»

«ለለቅሶ ሻይ ስኳር ምን ያደርግለታል።»

ሁለት አደረገችለት። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአያቴን ሰዓት እየልኝ። ያን ሰውዬ አላመንኩትም። አይረባም እያለ ዓይኑን ከሱ አይነቅልም።»

«እኔ ባትሪ ቀያሪ ነኝ። ባለሙያ ጥሪ።»

«ባለሙያውማ ሞተብኝ» አለች። «ነገ ሊወስደው ነው፣ አጎቴ። እማዬን ብለምናት አትሰማኝም፤ አንተ አይተህ አንድ ነገር ካልካት ግን ትሰማለች።»

እሱም ሰበብ ነበር የሚፈልገው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

የጓሮዋ ክፍል በቤንዚንና በብረት ሽታ ተሞልታለች። ካቻቢቴዎቹ እንደ ቁመታቸው ተደርድረዋል። ሰዓቱን በመስኮቱ ብርሃን ያዘው። በመጀመሪያ ውጪውን አየ። ሻይ ተደፋበት የተባለውን ፊት ሻይ አልነካውም። «ውሃ ገብቶ ቢሆን አንድ ጎኑን ነበር የሚያበላሸው» አላት። «ይሄ ከዳር እስከ ዳር እኩል ጠይሟል። ዕድሜ ነው። ማንም አዲስ ቀለም አልቀባውም።» ጠርዞቹን በጥፍሩ ዳሰሰ፤ ስል ናቸው። «በማሽንም አልተወለወለም። የተወለወለ ሰዓት እንደተላሰ ከረሜላ ነው፤ ጠርዙ ይሟሟል። መሙያው ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ዝገት አለ። ሌላው ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን አይረባም አለ?»

«ሊገዛው ስለፈለገ ነዋ!»

ሰዓቱን በእጁ ወዲያ ወዲህ አወዛውዞ ጆሮው ላይ አደረገው። ሦስት ጊዜ መታና ደከመው። ዘንጉ ደህና ነው ማለት ነው፤ የተሰበረ ቢሆን ውስጡ ይንኮሻኮሽ ነበር። ግን የማን ዘንግ?

የጀርባ ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ምነው አጎቴ?»

«አልቦኝ ነው።»

ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጠው። ዘይቱ እንደ ሙጫ ደርቋል። ሚዛኑን በወረንጦ አወጣ፤ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አጣበቀና ጎንበስ አለ።

ዘንጉ ትከሻው ላይ አንዲት ቀጭን ጭረት አለችው። ያኔ የቶርኖው ቢላ ጫፉ ተሸርፎ ነበር። ቢላውን እንዲስልለት ወንድሙን ለመጠየቅ ፈርቶ፣ በተሸረፈው ነበር የሠራው። አምስተኛው። ሌላ ሰው የፋብሪካ ጉድለት ይላት ይሆናል፤ እሱ ግን የገዛ እጅ ጽሕፈቱን ያየ ያህል አወቃት።

«የኔ ነው» አለ፣ ለራሱ።

ልጅቷ ክዳኑን አንስታ ወደ ብርሃኑ አዘንብላው ነበር። «ውስጡ የተጫረው ምንድን ነው?»

ሰዓት ሠሪ ሰዓት ከፍቶ ሥራውን ሲጨርስ፣ ቀኑንና የራሱን ምልክት በመርፌ ጫፍ ክዳኑ ውስጥ ይጭራል። ቀጥሎ የሚከፍተው ባለሙያ ማን እንደሠራው እንዲያውቅ ነው። ባለቤቱ እንኳ አያየውም። በዚህ ክዳን ውስጥ ሰባት የተለያዩ ቀኖች ተጭረዋል። የመጨረሻው ከተጫረ ስምንት ዓመቱ ነው። በስድስቱ አጠገብ የታላቅየው ምልክት አለ። በመጀመሪያው አጠገብ ግን የለም። ያ ቀን ታናሽየው ከወጣ በኋላ ያለው ሳምንት ነው፤ አጠገቡ አንድ ፊደል ብቻ አለ፤ የታናሽየው ስም የሚጀምርበት ፊደል፣ በታላቅየው የተስተካከለ እጅ ተጭሮ።

አውጥቼ እጥለዋለሁ ያለውን አላወጣውም። ስድስት ጊዜ ፈታ፣ ስድስት ጊዜ አጠበ፣ ስድስት ጊዜ ያንኑ የመርፌ ቁራጭ መልሶ አስገባ። በሰው ፊት የነፈገውን ማንም በማያይበት ቦታ ጻፈለት።

«አንተ ሰውዬ!» አለ ታናሽየው ጮክ ብሎ፣ ክዳኑን እያየ። «ይሄ እዚህ ውስጥ ይነገራል? አፍ አልነበረህም?»

ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ አጎቷ እያለቀሰ መሆኑን አየች።

«እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ አልነካውም» አለች ቀስ ብላ። «ለሌላ ሠሪ እንስጠው ስንለው ይቆጣ ነበር። 'እሱ የራሱ ሠሪ አለው' ይለናል። ማን ነው ስንለው፣ 'መንገዱን ያውቀዋል' ይላል።»

«እሱስ አያውቀውም ነበር? ሁለት መንገድ እኮ ነው!»

ሁለት መንገድ። ስምንት ዓመት። አንዱ ይምጣ ሲል፣ አንዱ ይጥራኝ ሲል፣ ዘይቱ ደረቀ።

በማግስቱ አሮጌ ዕቃ ገዢው ሁለት ባዶ ሣጥን ይዞ መጣ። ሳሎኑ ውስጥ የሟች ሚስት፣ ጥቂት ጎረቤቶችና ያ መምህር ነበሩ፤ አሁን አርጅቶ ጆሮው ከብዷል። ገዢው ሰዓቱን አንስቶ ኪሱ ሊከት ሲል ታናሽየው ከበሩ አጠገብ ተነሳ።

«እትዬ፣ ልጅሽ እየው ብላኝ አየሁት» አለ። «ያረጀ እንጂ የተበላሸ ሰዓት አይደለም። ፊቱ አልተቀባም፣ ጎኑ አልተወለወለም። ሰው ያልነካካው እንዲህ ያለ ሰዓት አይገኝም። እኚህ ሰውዬ ለመለዋወጫ የሚሉሽ ዋሽተው ነው።»

«ባትሪው መጣብን!» አለ ገዢው እየሳቀ። «ይሄ እኮ ባትሪ የለውም፣ ወንድም!»

ሌላ የሳቀ ግን አልነበረም። ታናሽየው ያኔ የሳቁትን አስታወሰና ፊቱን ወደ መምህሩ አዞረ። ከዚህ በኋላ የሚያመልጠው መንገድ የለም። «መምህር፣ ያኔ ዘንጉን የሠራሁ ጊዜ እርስዎ ነበሩ። ወንድሜ ያለኝን ያስታውሱታል አይደል?»

መምህሩ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «አስታውሳለሁ እንጂ! ሻዩ ስኳር አልነበረውም።»

«ስለ ሻዩ አይደለም፤ እኔን ያለኝን...»

«ወንድምህማ ስኳር ላይ እጁ አይፈታም ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።»

ጎረቤቶቹ አፋቸውን ያዙ። የሟች ሚስት በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሸው ምስክር ምንም አልያዘም። ያን ቀን ተሸክሞት የኖረው እሱ ብቻ ነው።

«ጨርስልኛ» አለች የሟች ሚስት ዓይኗን እየጠረገች። «ሌላ ምን አየህ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። «አንድ ነገር አለበት» አለ። «የሚዛኑ ዘንግ የፋብሪካው አይደለም። ከስፌት መርፌ የተሠራ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት። የሚያውቅ ገዢ በሱ ምክንያት ዋጋ ይቀንሳል፤ ስትሸጪው መደበቅ የለብሽም።»

«ይኸው!» አለ ገዢው። «እኔ ካልኩትም ወረደ!»

«ቆይ አንተ» አለችው። ወደ ታናሽየው ዞረች። «መርፌው ሰዓቱን ጎድቶታል?»

«ሃያ ሦስት ዓመት አስኪዶታል፣ እትዬ። አሁንም ደህና ነው፤ ዘይት ነው ያጣው። ዋጋውን ግን...»

«ዋጋውን አልጠየቅኩህም።» ተነሳችና ሰዓቱን ከገዢው እጅ ወሰደች። «ሰውዬ፣ ነፍስ ይማር ልትል ነው የመጣኸው። ብለሃል፤ ይበቃል።»

«ጠረጴዛውስ? መሣሪያውስ? ሣጥን አመጣሁ እኮ!»

«ጠረጴዛው ሥራ ላይ ነው» አለች ልጅቷ ከኋላ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቶች ወንበሮቻቸውን እየለዩ ሲወስዱ፣ አጎትና የወንድም ልጅ ጓሮዋ ክፍል ውስጥ ነበሩ። እያንዳንዷን ጥርስና ብሎን በቤንዚን አጠቡ። ዘይቱን እሷ አደረገች፤ በቀጭን ሽቦ ጫፍ፣ ትንፋሿን ይዛ።

«በዛ?»

«ሰዓት ነው፣ ሰላጣ አይደለም። ግማሹን።»

ሚዛኑን መልሶ ሲያስገባ ሰዓቱ እንደማመንታት አለ። ከዚያ ሄደ፤ አላቆመም። ታናሽየው ሰዓቱን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ረዳት በነበረ ጊዜ ወንድሙ ወደሚቀመጥበት ወደ ቀኙ ዞረ። ክንዱን ዘረጋና «ስማ እስቲ!» አለ።

በቀኙ ያለው ግድግዳ ነው። ክንዱን ግን አላጠፈም። የወንድሙ ልጅ ከግራው ተነስታ በጠረጴዛው ዞራ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን መዳፉ ላይ አሳረፈች።