ሌላዋ ዶክተር መቲ

መቲ አምቦ ከተማ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። አንድ ረፋድ ፊቷ ያበጠ ሴት መድኃኒት ቤት ገብታ፣ «ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ኪኒኑ አለቀብኝ፤ ድገሚኝ» አለቻት።

«እኔ መቼ ሰጠሁሽ?»

«በቴሌግራም ነዋ!»

ሴትዮዋ ዘነበወርቅ ትባላለች፤ የመጣችው ከጉደር ነው። ስልኳን ከፍታ «ዶክተር መቲ፦ የመወፈሪያ ኪኒን» የሚል ቻናል አሳየቻት። ፎቶው የመቲ ነው፤ ስትመረቅ ነጭ ጋዋን ለብሳ ተነስታ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው።

መቲ የኪኒኑን ማሸጊያ ስታየው ዴክሳሜታዞን የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ፊት ይነፋል፤ ስኳርና ግፊትም ያመጣል። ዘነበወርቅን ራሷ ሆስፒታል አደረሰቻት። ንዴቷ በረድ ሲልላት ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አላት፤ ይቺ ሌላዋ መቲ ማን ናት?

በሌላ ስም ገብታ «መወፈር እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈች። መልሱ ወዲያው በድምፅ መጣ።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ። ምግብ ይበላልሻል? እንቅልፍስ? ሳትደብቂ ንገሪኝ።»

የሴት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ። መቲ ተገረመች። እሷ ራሷ ወረፋ ሲበዛባት ሰውን እንዲህ ረጋ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ድምፁን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለሆኑት ለኦቦ ቶሌራ ወስዳ አሰማቻቸው።

«እስቲ ድገሚው» አሉ። «ከኋላ የሚጮኸው ማነው?»

ሁለቱም ስልኩ ላይ አጎነበሱ። የመኪና ረዳቶች ናቸው፤ አንዱ «አምቦ! አምቦ!» ይላል፣ ሌላው «አዲስ አበባ!»

«አምቦ ቆሞ አምቦ እያለ የሚጣራ ረዳት የለም» አለች መቲ። «መሀል መንገድ ላይ ናት።»

«ሆለታ ወይ ጊንጪ።»

መቲ «ነገ በጊንጪ አልፋለሁ፤ አገኝሽ ይሆን?» ብላ ጻፈች።

«ነይ፣ መኪና የሚቆምበት ፊት ለፊት፣ ኮስሞቲክሱ ጋ» የሚል መልስ መጣ።

በማግስቱ ሁለቱ ከፖሊስ ጋር ጊንጪ ሄዱ። ባለሱቋ ልዩ ትባላለች፤ ቅባትና ዊግ ነው የምትሸጠው። መቲን በር ላይ ስታይ ደርቃ ቀረች።

«ያ ረቢ! እውነትም አለሽ እንዴ?»

«ፎቶዬን ለምን ወሰድሽው?»

«ፊትሽ ያሳምናል» አለች ልዩ አንገቷን ደፍታ። «ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ሁሉም ወፈርኩ እያለ ያመሰግነኝ ነበር።»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ኪኒን ወጣ። ፖሊሱ ቻናሉን አሁኑኑ ዝጊ ሲላት መቲ ጣልቃ ገባች።

«ቆይ! ይህን ኪኒን ሲወስድ የከረመ ሰው ድንገት ቢያቆም ሊሞትም ይችላል። ከዘጋነው ሰዎቹን የት እናገኛቸዋለን?»

ኦቦ ቶሌራ አሰብ አደረጉና የልዩን ስልክ ሰጧት። መቲ እዚያው ቆማ ቻናሉ ላይ ጻፈች፦ «እውነተኛዋ መቲ እኔ ነኝ። ሌላ አትግዙ። የጀመራችሁትንም በራሳችሁ አታቁሙ፤ ኪኒኑን ይዛችሁ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ።»

የመጀመሪያዋ መላሽ ኤቢሴ የምትባል የባኮ ልጅ ነበረች። «ዶክተር፣ አካውንትሽን ጠልፈውታል መሰለኝ፤ አንድ ቀጣፊ እየጻፈበት ነው!»

መቲ ሳቋ አመለጣት። በቪዲዮ ደወለችላት። ኤቢሴ የፎቶውን ፊት ስታይ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ደወለች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

ልዩ ፍርድ ቤት ቀረበች። ቻናሉ የተዘጋው ግን መቲ ያገኘችውን ሁሉ አነጋግራ ስትጨርስ ነው። ስልክ ያላነሱትን ኦቦ ቶሌራ በየወረዳው ጤና ጣቢያ በኩል እያፈላለጉ ነው።