የአያ ይርጋ ነብር

አያ ይርጋ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ያለውን የደብር ደን ይጠብቃሉ። በዙሪያው ከባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ የሚባል አልተረፈም፤ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ጉሬዛው፣ ድኩላው ሁሉ እዚያች ደን ውስጥ ተጠግቶ ይኖራል። ዛፍ እንዳይቆረጥ ካህናቱ ገዝተዋል። ግዝቱ ግን ከብትን አይጨምርም። ከብቱ እየገባ የዝግባውን ችግኝ ገና በሁለት ቅጠሉ ይግጠዋል። አያ ይርጋ ባለከብቶቹን ቢለምኑ ሰሚ አጡ። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ እንደሌለው አዩ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ደኑ ውስጥ ነብር አየሁ» አሉ፣ እንደ ዋዛ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ጥጃ እንኳ ዝር አላለችም። ክረምቱ ሲወጣ ችግኙ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ችግሩ ነብሩም ማደጉ ነው። ወይዘሮ የሺ ጅራቱን አየሁ አሉ፤ ባዩ የተባለው ጎረምሳ ነብሩ ሲያጓራ ሰማሁ አለ፤ በላይነህ ይባስ ብሎ ሁለት የነብር ግልገል ጨመረበት። አያ ይርጋ ራሳቸው ብቻቸውን ወደ ውስጥ መግባት ይከብዳቸው ጀመር።

በመጨረሻ ደኑ መሃል ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ለቁርባን የሚያመጣ ጠፋ። አገሬው መከረና ነብሩ የሚደበቅበት ቁጥቋጦ ይመንጠር አለ። የደብሩ ቄስ አባ ሙላቴም ግዝቱን ለአንድ ቀን አነሱ። ቁጥቋጦው ሲመነጠር ችግኙም አብሮ መሄዱ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት አርባ ሰው ገጀራና መጥረቢያ ይዞ መጣ። አያ ይርጋ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆኑትን የነፍስ አባታቸውን አባ ሙላቴን ወደ ጥግ ወስደው ተናዘዙ።

«አባቴ፣ ነብር የለም። ዋሽቼ ነው።»

አባ ሙላቴ ወደ ተሰበሰበው ሰው አመለከቱ። «የንስሐ ቃል እኔ አላወጣም። አንተው ተናገር።»

አያ ይርጋ ሰው ፊት ቆሙ። «ነብሩ እኔ ነኝ» አሉና የሆነውን ሁሉ ተናገሩ።



«ታዲያ እኔ ያየሁት ጅራት የማን ነው?» አሉ ወይዘሮ የሺ።

ባዩ የመጥረቢያውን እጀታ ይመረምር ጀመር፤ በላይነህም አቀርቅሮ ቀረ። አባ ሙላቴ አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ነብሩን አየሁ ያላለ አለ?» አሉ።

አንድም እጅ አልወጣም።

«እንግዲያ ንስሐችሁ አንድ ነው። መጥረቢያውን አስቀምጡ፤ ከየማሳችሁ ድንጋይ እያመጣችሁ ደኑን ዙሪያውን ካቡ፤ ከብት እንዳይገባ።»

የመጀመሪያውን ድንጋይ አያ ይርጋ ራሳቸው ተሸክመው አስቀመጡ። እንባቸው መጣ። ከአርባው ሰው ለምን ዋሹ ሊላቸው የደፈረ አንድም አልነበረም።