የቲቸር ወልዴ መስኮቶች

የቲቸር ወልዴ ሚስት እትዬ ደብሪቱ ስልክ የሚደውሉት ሰው ሲሞት ወይም ሰው ሲያገባ ብቻ ስለሆነ፣ ነዒማ ስማቸውን ስልኳ ላይ ስታይ ክው አለች።

"ነዒምዬ፣ ቲቸርሽ ኮምፒውተሩን ጨርቅ አለበሰው" አሉ። "ይኸው ሦስት ቀኑ። ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ልስጠው ይላል። እኔን እንደሁ አይሰማኝ፤ አንቺ ነይልኝ።"

ነዒማ ጉብሬ ላይ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሱቋን በቀን ዘግታ ወደ ወልቂጤ ሚኒባስ ተሳፈረች። ለማንም ደንበኛ እንዲህ አታደርግም፤ ቲቸር ወልዴ ግን ደንበኛ አይደሉም። ከእንሴኖ መጥታ ቡታጅራ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነበር። ፊደል ስታነብ "ፀሐይ"ን "ጠሃይ" አለችና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ "ዝም በሉ! ይሄን ገና አልነገርኳትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። ነግረዋት ነበር እኮ። አንድ ሳምንት ሙሉ ነግረዋታል። ያንን ውለታ ነዒማ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

አሁን ቲቸር ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሥራቸው የሚስታቸውን የቸሃ ጉራጌኛ ቃላት እየለቀሙ ወደ አማርኛ መፍታት ሆኗል። እትዬ ደብሪቱ ሲያወሩ በስልክ ይቀዳሉ። ከዚያ ቃሉን በአንድ መስኮት፣ ፍቺውን በሌላ፣ ድምፁን በሦስተኛው ከፍተው ይሠራሉ። ዘንድሮ ግን ቀኝ እጃቸውን መንቀጥቀጥ ያዘውና ማውዙ አልታዘዝ አለ። አንዱን መስኮት ሲነኩ ሌላው ይከፈታል፤ መስኮቶቹ እየተደራረቡ ይጠፉባቸዋል። እትዬ ደብሪቱ ማውዝ ማለት አይጥ መሆኑን ከሰሙ ወዲህ፣ "ድመት ላምጣልህ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ነዒማ ከወር በፊት መላ አመጣች። መስኮቶቹ ራሳቸው ቦታ የሚካፈሉበት፣ ሁሉ ነገር በኪቦርድ ብቻ የሚታዘዝበት ፕሮግራም ጫነችላቸው።

"አይደራረቡም፣ ቲቸር" አለቻቸው ያን ቀን። "አንድ ብቻ ሲሆን ስክሪኑን ሙሉውን ይይዛል። ሁለተኛ ሲመጣ እኩል ይካፈላሉ። ሦስተኛ ሲመጣ ደግሞ ቦታ ይለቁለታል።"

ጥግ ላይ ጎመን የሚቀነጥሱት እትዬ ደብሪቱ ቀድመው ገባቸው። "የቡታጅራ ሚኒባስ ነዋ! ረዳቱ ጠጋ በሉ ሲል ማን እምቢ ይላል?"

ቲቸር ከት ብለው ሳቁ። ነዒማ ትእዛዞቹ የተጻፉበትን ፋይል ከፍታ፣ መሰላል በምትመስል ምልክት (#) የሚጀምር መስመር ለሰው ማስታወሻ እንጂ ለኮምፒውተሩ እንዳልሆነ አሳየቻቸው። ቲቸር ወዲያው በግራ እጃቸው ያቺን ምልክት አስቀድመው "ጠጋ በሉ" ብለው ጻፉ። ነዒማም ሥራዬን ጨረስኩ ብላ ደስ ብሏት ሄደች።

ዛሬ ስትደርስ ኮምፒውተሩ በዳንቴል ተሸፍኗል።

"ሰላም አለይኩም፣ ልጄ" አሉ ቲቸር ከመቀመጫቸው ሊነሱ እየሞከሩ። "ደብሪቱ በከንቱ አደከመችሽ። ዕቃው ምንም አልሆነም። እጄ ሄዶ ነበር፤ አሁን ጭንቅላቴ ተከተለው።"

አንድ የተማሪ ደብተር ዘረጉላት። ትእዛዞቹን ቀን በቀን እየተለማመዱ ራሳቸውን በቀይ እስክሪብቶ አርመዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ከዚያ ኤክስ ጀመረ። የመጨረሻው ገጽ ከላይ እስከ ታች ኤክስ ነው። ከሥሩ፣ በዚያ ድሮ የተማሪ ካርድ ላይ በሚጽፉበት የእጅ ጽሑፍ፣ አሁን ግን በሚንቀጠቀጥ መስመር፣ "ተማሪ ወልዴ፦ ትናንት ያወቀውን ዛሬ ይረሳል" ይላል።

"ታላቅ ወንድሜንም እንዲህ ነው የጀመረው" አሉ በቀስታ። "በኋላ የልጆቹን ስም ረሳ። የደብሪቱን ቃል በተሳሳተ ፍቺ ጽፌ ከማልፍ፣ ጤነኛ ሳለሁ ባቆም አይሻልም?"

እትዬ ደብሪቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ነዒማ እንባዋ መጣ፤ እንዳያዩባት ዳንቴሉን ማጠፍ ጀመረች።

"እስቲ ያሳዩኝ" አለች።

ቲቸር የቃላቱን ፋይል ከፈቱ። በግራ እጃቸው አንድ ቃል ከነፍቺው ጻፉ፤ አጣርተው ነው የጻፉት። ከዚያ አዲስ መስኮት የሚከፍተውን ትእዛዝ ተጫኑ። ጸጥ። ደገሙት። ጸጥ። ነዒማ ጣታቸውን አየች፤ ትክክለኛው ቁልፍ ላይ ነው ያለው።

ራሷ ሞከረችው። ጸጥ።

"ለእኔም እምቢ አለኝ!" ብላ እንደ ሕፃን ጮኸች። ወዲያው ዓይኗ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አገኘ፤ "አማ" ትላለች። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ነዒማ ትእዛዞቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር ያሰረችው። ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ሲዞር ግን ያው ቁልፍ የእንግሊዝኛው "ጄ" (J) መሆኑ ቀርቶ የአማርኛው "ጀ" ይሆናል። ኮምፒውተሩ "ጄ"ን ሲጠብቅ "ጀ" ቢመጣበት አያውቀውም። ቲቸር የመጀመሪያውን ሳምንት እሷ በተወችላቸው በእንግሊዝኛው ተለማመዱ። የዕለት ሥራቸውን ሲጀምሩ ወደ አማርኛ አዞሩት፤ ያኔ ደነቆረባቸው። እሷ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ጽፋ ስለማታውቅ፣ ይሄ በሐሳቧም አልመጣ።

ይህን ሁሉ ስትነግራቸው ቲቸር ፊቷን ትክ ብለው አዩ። "ቁልፉ ያው፣ ፊደሉ ሌላ?"

"አዎ። እያንዳንዱ ቁልፍ ግን የማይለወጥ ቁጥር አለው። ፊደሉን ትተን በቁጥሩ እንጠራዋለን፤ ከዚያ አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ ይሰማዎታል።"

መስመር በመስመር አስተካከሉት። እሷ ቁጥሩን ታነባለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። አንዷን ቁጥር ሦስት ጊዜ ሳቱ፤ ነዒማ እጇን አልሰደደችም፣ ጠበቀች። እንዳለቀ ቲቸር ኪቦርዱን አማርኛ ላይ አድርገው ተጫኑ። አዲስ መስኮት መጣ፤ ሁለቱ ነባሮች ቦታ ለቀቁለት።

"ጠጋ አሉ?" አሉ እትዬ ደብሪቱ ከጓዳ ብቅ ብለው።

"ጠጋ አሉ" አሉ ቲቸር። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "እና አልረሳሁም?"

"አንድም ቀን አልረሱም።"

ነዒማ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች። በየኤክሱ ጎን ራይት እያደረገች እስከ መጨረሻው ገጽ ወረደች። ከእሳቸው ጽሑፍ በታች እንዲህ ጻፈች፦ "ተማሪው አልረሳም። ይሄን ገና አልነገርኩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ቲቸር አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ያቺን የሁለተኛ ክፍል ቀን እሳቸውም አልረሷትም ነበር።

"መምህርቷ አልፈረመችበትም" አሉ በመጨረሻ፣ ደብተሩን ወደ እሷ እየገፉ።

ደብተሩ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ነዒማ በአንድ እጇ እጃቸውን ይዛ፣ በሌላው ፈረመች።