የሙሪን ሸርጣን

ሙሪን አየርላንድ ውስጥ፣ ጎልዌይ ከተማ ፀጉር ቤት አላት። የአገሯን የጥንት ቋንቋ፣ አይሪሽኛን፣ መማር ከጀመረች ወዲህ የሰው ጭንቅላት ስታጥብ እንኳ ከአፏ አይጠፋም። አንዲት ደንበኛዋ ገና አረፋው ሳይለቅላት ቋንቋውን ጨርሳ ወጣች ይባላል። ሙሪን በየእሁዱ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ሰዉ ዛሬም አይሪሽኛ ወደሚያወራበት የባሕር ዳር መንደር ትሄዳለች።

ችግሩ የመንደሩ ሰው ደግነት ነው! ትንሽ ከተንተባተበች፣ እንዳትቸገር ብለው ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞሩላታል። ባለሱቋ ኖራ እንደዚያ፣ ፖስተኛው እንደዚያ። ውሻቸው ሳይቀር በእንግሊዝኛ ይጮህባታል።

"ዛሬም በእንግሊዝኛ ከመለሱልኝ፣ መጽሐፎቼን ለጎረቤት ሰጥቼ ዳንስ እማራለሁ" አለች አንድ እሁድ፣ ከልቧ።

የዚያን ቀን ነፋሱ የበግ ፀጉር ይሸልት ነበር። የዕለቱ የጀልባ ውድድር ተሰረዘና ቀዛፊው ሁሉ ከምሳ በኋላ የመንደሩን መጠጥ ቤት ሞላው፤ ሙሪንም መሃላቸው ተቀመጠች። በዚያ ቤት ደንብ ዘፍኖ የጨረሰ ሰው ተረኛውን ይጠራል፤ የተጠራም እምቢ አይልም። ኖራ ዘፈኗን ስትጨርስ ዓይኗ ሙሪን ላይ አረፈ። በየትኛው ቋንቋ እንደምትጠራት ቢጨንቃት በጣቷ ጠቆመቻት።

ሙሪን ድምጿ ለዘፈን አይሆንም። ተነሳችና በአይሪሽኛ ወሬ ጀመረች።

"አጎቴ የሸርጣን ወጥመዱን ቢስብ ቢስብ እምቢ አለው። ለካ ሸርጣኑ ነው የሚስበው! ጀልባውን አሜሪካ ድረስ ጎተተው። ሲመለስም ወደብ ላይ የቆመውን የቄሱን ብስክሌት በ... በ..."

የሸርጣን መቆንጠጫ ምን እንደሚባል ጠፋት። ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፈተች፣ ዘጋች። ኖራ ልትረዳት አፏን ከፈተች፤ እንግሊዝኛው ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሙሪን በዓይኗ አየችው።

"ውሸት!"

ጠረጴዛውን የመታው ጀልባ ሠሪው አያ ባርትሊ ነው፤ የመንደሩ አንደኛ ቀጣፊ። የተናገረውም በአይሪሽኛ ነው።

"ምን አሉኝ?"

"ውሸታም ነሽ አልኩሽ! ብስክሌቱ የቄሱ ሳይሆን የኔ ነበር። ያ ባለጌ ሸርጣን ሰርቆ ወስዶ፣ ጎማውን አስተንፍሶ ነው የመለሰልኝ!"

በዚያ መንደር እንግዳ ቢዋሽ ይጨበጨብለታል እንጂ ማንም አይሞግተውም። ውሸታም የሚባለው የቤት ሰው ብቻ ነው። ሙሪን ከትከሻዋ ላይ አንድ ጆንያ ድንች የወረደላት ያህል ቀለላት።

"አያ ባርትሊ፣ ብስክሌትዎ ደወል ነበረው?"

"ነበረው እንጂ! እስከ ደሴቶቹ ይሰማ ነበር።"

"እንግዲያው የርስዎ አይደለም። ደወል የሚያንቃጭል ብስክሌት የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሞኝ ሌባ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "ተይው ባክሽ፣" አለች ኖራ በዚያው በአይሪሽኛ፣ "ባርትሊ እንኳን ብስክሌት በርጩማ ላይ ተቀምጦም ይወድቃል!"

አንዱ ሸርጣኑን በሚስቱ በኩል እንደሚዛመደው ማለ፤ ሌላው አሜሪካ ሲደርስ ቪዛ እንደጠየቁት መሰከረ። ሙሪን የሚሉት ግማሹ ያመልጣታል፤ ያመለጣትን ትታ በያዘችው ትሟገታለች። የሚያዝንላት አንድ ሰው አልነበረም፤ ደስ አላት።

አመሻሹ ላይ የአውቶቡሱ ሾፌር በሩን ከፍቶ፣ "ሙሪን፣ እንሂድ እንጂ!" አላት።

"ቆይ ወንድሜ፣" አለችው ወንበሯን ወደ ባርትሊ እያስጠጋች፣ "እኚህ ሰውዬ አጎቴን ስሙን እያጠፉት ነው!"